የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ስፒናና የግድግዳው ሶኬት

በጥር ወር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ፣ በአዲስ አበባ መኪናውን ሌሊት በግቢው ከኮረንቲ ጋራ አገናኝቶ የሚያሳድር ቤተ ሰብ በርክቷል። ከእነዚህ መኪናዎች ብዙዎቹ የቻይና ሥራ ናቸው። አብሯቸው የሚመጣው የመሙያ ገመድ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ስፒና ሲኖረው፣ የቤታችን ሶኬት ግን ቀዳዳው ክብ ነው። ስለዚህ ባለመኪናው አስቀድሞ የሚፈልገው አንዱን ከሌላው የሚያስማማ አዳፕተር ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናስረዳ የምንሻው አዳፕተር ምን እንደሚለውጥና ምን እንደማይለውጥ ነው።

የስፒና ቅርጽ በከንቱ የተለየ አይደለም። በቻይና የ10 አምፔርና የ16 አምፔር ስፒና ሁለቱም ጥርሳቸው ጠፍጣፋ ነው፤ ነገር ግን የ16ቱ ጥርስ ሰፋ ያለ ስለ ሆነ በ10 አምፔር ሶኬት አይገባም። እንግዲህ ቅርጹ ራሱ ዘበኛ ነው፤ «ይህ ሽቦ አይችልህም» ብሎ ይከለክላል። አዳፕተር ዘበኛውን ያሳልፋል እንጂ ከኋላ ያለውን ሽቦ አያወፍርም።

የመሙያው ሣጥንም አያድነንም። ሣጥኑ ለመኪናው «ይህን ያህል ውሰድ» የሚለው በአንዲት ቀጭን ሽቦ፣ በሰከንድ 1,000 ጊዜ በሚመላለስ ምልክት ነው። ምልክቱ ከጊዜው እኩሌታውን ከፍ ብሎ ቢቆይ 30 አምፔር፣ ሩቡን ቢቆይ 15 አምፔር ማለት ነው። ሣጥኑ ግን የሚናገረው ስለ ራሱ ነው፤ ከግድግዳው በስተ ጀርባ ያለውን አያውቅም።

በ220 ቮልት 16 አምፔር ሲሳብ ኀይሉ 3,520 ዋት ነው። ይህም የእንጀራ ምጣድ ከሚወስደው ጋራ ይቀራረባል። ለምጣድ ግን ጠንቃቃ ባለሙያ የራሱን መስመር ይዘረጋለታል፤ የሚሠራውም ለጥቂት ሰዓት ነው። መኪናው ግን ስምንትና ዐሥር ሰዓት ሳያቋርጥ ይስባል። ስፒናው ከሶኬቱ በሚነካካበት ቦታ 0.1 ኦም ብቻ መቋቋም ቢኖር፣ በ10 አምፔር 10 ዋት፣ በ16 አምፔር ግን 25.6 ዋት ሙቀት በዚያች ጠባብ ቦታ ይፈጠራል፤ ሙቀቱ የሚያድገው በአምፔሩ ካሬ ነውና። ኮረንቲው ከልኩ ስላላለፈ ብሬከሩ አይቆርጥም፤ ፕላስቲኩ ግን ይቀልጣል፣ እሳትም ሊነሣ ይችላል።

ከዚህ የባሰው የመሬት ሽቦ ነገር ነው። ለመንገደኛ የሚሸጠው ባለ ሁለት ጥርስ አዳፕተር ብዙ ጊዜ የመሬት መስመር የለውም። አብዛኞቹ ሣጥኖች መሬት ሲያጡ ቀይ መብራት አብርተው ሥራ እንቢ ይላሉ። በአንድ ግቢ እንዳየነው፣ ሠራተኛው በአዳፕተሩ ውስጥ ኒውትራሉንና የመሬቱን ሽቦ አንድ ላይ ጠምዝዞ ቀዩን መብራት አጠፋው፤ ባለቤቱም ብልኀቱን አመሰገነ። ነገር ግን ኒውትራሉ በመንገድ ላይ ቢበጠስ 220 ቮልቱ በቀጥታ ወደ መኪናው አካል ይሄዳል፤ ጠዋት በሩን ለመክፈት እጁን የሚዘረጋ ልጅ ይህን አያውቅም።

በመኪናው በኩል ያለው ጉዳይ ሌላ ነው። የቻይናውና የአውሮጳው መሰኪያ ሁለቱም 7 መገናኛ አላቸው፤ ወንድና ሴታቸው ግን ተገላብጧል። ለተለዋዋጩ ኮረንቲ ምልክታቸው ስለሚመሳሰል በደንብ የተሠራ አዳፕተር ያገናኛቸዋል። ለፈጣኑ ቀጥተኛ ኮረንቲ ግን መኪናውና ጣቢያው የሚነጋገሩበት ቋንቋ የተለያየ ስለ ሆነ፣ በመካከል የሚያስተረጉም ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ሽቦ በማገናኘት ብቻ የሚሠራ አይደለም።

ታዲያ ምን ይሻላል? እንደኛ አስተያየት አዳፕተር ከመፈለግ ሶኬቱን መለወጥ ይቀላል። ባለሙያ ከማከፋፈያው ሣጥን ለብቻው መስመር ይዘርጋ፤ ሽቦው ከ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር አይነስ፣ መንገዱ ረጅም ከሆነ 4 ይሁን። እውነተኛ የመሬት መስመርና 30 ሚሊ አምፔር ሲፈስ የሚቆርጥ ብሬከር ይኑረው። በጫፉም ስፒናው በቀጥታ የሚገባበት የ16 አምፔር ሶኬት ይተከል። ይህ እስኪደረግ ድረስ ብዙዎቹ መኪናዎች እንደሚፈቅዱት አምፔሩን ወደ 10 ወይም 8 ዝቅ ማድረግ ይገባል። በ10 አምፔር ዐሥር ሰዓት ቢሞላ 22 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል፤ ይህም በከተማ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ያስኬዳል። በቀን ከዚያ ያነሰ የሚነዳ ሰው በመዘግየቱ የሚያጣው ነገር የለም።

አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። በየሱቁ የሚሸጡትን አዳፕተሮች በቤተ ሙከራ አስገብቶ ሙቀታቸውን መለካት ለእኛ ለተማሪዎች የሚገባ ሥራ ስለ ሆነ፣ መምህራኖቻችንና ጓደኞቻችን እንዲያስቡበት እናሳስባለን።