ከጥሪ እስከ መርሐ ግብር፦ የሳይንስ ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ እንዴት ይሰናዳል?

አንድ የሳይንስ ማኅበር በዓመት አንድ ጊዜ አባላቱን ሲሰበስብ ለተሰብሳቢው በቅድሚያ የሚታደለው የጉባኤው መርሐ ግብር ነው። ብዙዎቻችን የምንገልጠው የሻይ ዕረፍቱ በስንት ሰዓት እንደሆነ ለማወቅ ነው። ሆኖም ከእያንዳንዱ ገጽ በስተጀርባ የሒሳብም የፍትሕም ጥያቄ አለ። ማን ይናገር? ለስንት ደቂቃ? በየትኛው ሰዓት? በዚህ ጽሑፍ እነዚህ ጥያቄዎች እንዴት እንደሚመለሱ የአሜሪካን ፊዚክስ ማኅበርን በአብነት እየወሰድን እንመለከታለን።

ሥራው የሚጀምረው በጥሪ ነው። ማኅበሩ ጉባኤው ከመካሄዱ ከወራት በፊት ተመራማሪዎች አጽሕሮተ ጥናታቸውን እንዲልኩ ይጠይቃል፤ የመርሐ ግብር ኮሚቴውም የደረሱትን በየዘርፋቸው ይለያል። ከዚህ በኋላ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ጥናቶቹን በገምጋሚዎች አስመርምሮ ጥቂቶቹን ብቻ መቀበል ነው። ይህ ጥራትን ይጠብቃል፤ ነገር ግን ገና ያልተለመደ ሐሳብ በር ላይ ሊቀር ይችላል። ሁለተኛው በሩን ለአባላት ሁሉ ክፍት ማድረግ ነው። የአሜሪካው ማኅበር በማርች ስብሰባው የተከተለው ይህንን ሁለተኛውን ነው። ዋጋውም አለ፤ ተሳታፊው ከአሥር ሺህ በላይ ስለሚሆን በርካታ መድረኮችን በአንድ ሰዓት በትይዩ ማካሄድ ግድ ይላል።

በር የተከፈተለት ሁሉ እንዲናገር ንግግሩ ማጠር አለበት። በማርች ስብሰባ በቆየው ልማድ አንድ አቅራቢ ለንግግሩ 10፣ ለጥያቄ 2፣ በድምሩ 12 ደቂቃ ይሰጠዋል። በማኅበሩ የተጋበዘ ተናጋሪ ደግሞ 30 እና 6፣ በድምሩ 36 ደቂቃ ያገኛል። ቁጥሮቹ እርስ በርስ የሚገጥሙ መሆናቸውን ልብ እንበል፤ 36 የ12 ሦስት እጥፍ ነው። ስለዚህ የሦስት ሰዓት መድረክ፣ ማለትም 180 ደቂቃ፣ 15 አጫጭር ወይም 5 ረጃጅም ንግግሮችን ያለ ትርፍ ይይዛል። በሁሉም አዳራሾች ሰዓቱ አብሮ ስለሚሄድ አድማጭ ከአንዱ ወጥቶ በሌላው የሚፈልገውን ንግግር ከመነሻው ሊሰማ ይችላል። አንድ ተናጋሪ ቢቀር እንኳ የመድረኩ መሪ ተከታዩን ወደፊት ማምጣት የለበትም የሚባለው በዚሁ ምክንያት ነው። ይህን ቢያደርግ በሰዓቱ የሚደርሰው አድማጭ ንግግሩ አልቆ ያገኘዋል።

ከዚህ የሚከብደው የትኛው መድረክ ከየትኛው ጋር በአንድ ሰዓት ይሁን የሚለው ነው። አምስት መድረኮች አሉን እንበል፦ ብርሃን፣ ጠጣር አካላት፣ ኮምፒውተራዊ ፊዚክስ፣ ሥነ ፈለክና የፊዚክስ ትምህርት። ተናጋሪ የሚጋሩትን ሁለት መድረኮች በመስመር እናገናኝ። ብርሃን፣ ጠጣር አካላትና ኮምፒውተራዊ ፊዚክስ ሦስቱም እርስ በርስ ይገናኛሉ፤ ሥነ ፈለክ ደግሞ ከኮምፒውተራዊ ፊዚክስና ከትምህርት ጋር ይገናኛል። አሁን ለእያንዳንዱ ሰዓት አንድ ቀለም እንስጥ፤ በመስመር የተገናኙት አንድ ዓይነት ቀለም እንዳይኖራቸው አድርገን እንቀባ። ሦስቱ ትሪያንግል ስለሠሩ ከሦስት ቀለም ማነስ አይቻልም፤ አምስት አዳራሽ ቢኖረን እንኳ ሦስት የተለያዩ ሰዓቶች ያስፈልጉናል። ሦስቱ ግን ይበቃሉ፦ ብርሃን ከሥነ ፈለክ፣ ጠጣር አካላት ከትምህርት፣ ኮምፒውተራዊ ፊዚክስ ለብቻው። ይህ በሒሳብ የግራፍ ቀለም አቀባብ የሚባለው ችግር ነው። ሪቻርድ ካርፕ እ.ኤ.አ. በ1972 እጅግ አስቸጋሪ ናቸው ብሎ ከዘረዘራቸው 21 ችግሮች አንዱ ሲሆን ለማንኛውም ግራፍ በፍጥነት የሚፈታው ዘዴ እስካሁን አልተገኘም። መድረኮቹ በመቶ ሲቆጠሩ ኮሚቴው የሚፈልገው ፍጹሙን ሳይሆን የሚያስኬደውን ምደባ ነው።

መርሐ ግብር ከተዘጋ በኋላ ሳይንሱ ቢቀድምስ? እ.ኤ.አ. በ1986 ቤድኖርዝና ሙለር ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች ተቃውሞ የሚያሳልፉ፣ ሱፐርኮንዳክተር የሚባሉ አዲስ የመዳብ ኦክሳይድ ቁሶችን አገኙ። በ1987 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ከፈሳሽ ናይትሮጅን የመፍያ ነጥብ ማለትም ከ77 ኬልቪን በላይ፣ በ93 ኬልቪን ገደማ ይህን ጠባይ የሚያሳይ ቁስ መገኘቱ ተሰማ። የማርች ስብሰባው አጽሕሮተ ጥናት መቀበያ ጊዜ ግን ቀድሞ አልፎ ነበር። አዘጋጆቹ ደንቡን ይዘው በሩን አልዘጉም፤ አስቀድሞ የወጣውን መርሐ ግብርም አላፈረሱም። ከዚያ ይልቅ በኒው ዮርክ ሂልተን ሆቴል መጋቢት 9 ቀን 1979 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 18 ቀን 1987) የምሽት ልዩ መድረክ ጨመሩ። ከምሽቱ 1፡30 ተጀምሮ እስከ ሌሊቱ 9፡15 ዘለቀ፤ 51 ጥናቶች ቀረቡ፤ ሁለት ሺህ ያህል ሰው ተገኘ። ለአብዛኞቹ የተፈቀደው 5 ደቂቃ ብቻ ነበር። መድረኩ የቆየበትን 465 ደቂቃ ለ51 ብናካፍለው ግን የተናጋሪ ቅያሪውና ጥያቄው ታክሎ ለእያንዳንዱ ጥናት 9 ደቂቃ ገደማ ይደርሳል። መርሐ ግብር ስናወጣ የተናጋሪውን ሰዓት ብቻ መቁጠር እንደማይበቃ ከዚህ እንረዳለን።

በአገራችን በሚደረጉ አነስተኛ ጉባኤዎችም የምናየው ይህንኑ ነው። የመክፈቻ ንግግሩ ሲረዝም የሚያጥረው የክብር እንግዳው ሰዓት ሳይሆን በመጨረሻ የተመደበው ተማሪ ሰዓት ነው። ያ ተማሪ የዓመት ድካሙን በሦስት ደቂቃ ተናግሮ ይወርዳል፤ ስሕተቱን የሚያርመው ወይም ቀጣዩን መንገድ የሚጠቁመው ጥያቄም ሳይጠየቅ ይቀራል። ስለዚህ ማንኛውም የመርሐ ግብር ኮሚቴ፣ የተማሪዎች የሳይንስ ክበብም ቢሆን፣ የሚከተሉትን ሦስት ነገሮች አስቀድሞ ቢወስን ይበጃል፦ የመክፈቻው ሰዓት ቢያልፍ ትርፉ ከየት እንደሚቀነስ፣ ለጥያቄ የተመደበው ጊዜ እንዳይነካ፣ ጀማሪ አቅራቢዎችም አድማጭ በሚበዛበት ሰዓት እንዲደለደሉ። ለንግግር ተራ የደረሳችሁ ውድ አንባቢያንም ንግግራችሁን ሰዓት ይዛችሁ ደጋግማችሁ ተለማመዱ፤ ከ10 ደቂቃ በላይ የምትወስዱት እያንዳንዱ ደቂቃ ከእናንተ ቀጥሎ ካለው ሰው የተወሰደ ነውና።