ፕሮጀክተሩ ደክሞ አይደለም፣ አዳራሹ በርቶ ነው

በደብረ ታቦር፣ በወረታ ወይም በንፋስ መውጫ ቀን ላይ ስልጠና የተቀመጠ ሰው ይሄን ያውቀዋል። ፕሮጀክተሩ ይበራል፣ ግድግዳው ላይ ገርጣ ያለ ነገር ይመጣል፣ ከኋላ ያለው ሰው "አይታይም!" ይላል። መጋረጃው ይዘጋል። አሁን ስላይዱ ይታያል፣ ግን ደብተር ላይ መጻፍ አይቻልም። ከምሳ በኋላ ከሆነማ ግማሹ ሰው ይተኛል።

ከዚያ የሚመጣው ሃሳብ "ጠንከር ያለ ፕሮጀክተር ይገዛ" ነው። ገንዘቡ ሳይወጣ በፊት ይሄን አንብቡት።

ችግሩ የቱ ጋ ነው?

እኩለ ቀን ላይ ፕሮጀክተሩን አጥፉና ግድግዳውን እዩት። ነጭ ነው አይደል? ፕሮጀክተር ብርሃን ይጨምራል እንጂ ጨለማ አይጨምርም። ስለዚህ ስላይዱ ላይ "ጥቁር" የሚሆነው ያ የምታዩት ነጭ ግድግዳ ነው።

በቁጥር እንየው። 3,000 ሉመን ያለው ፕሮጀክተር 2 ሜትር ስፋት፣ 1.125 ሜትር ቁመት ባለው ምስል ላይ 1,333 ሉክስ ገደማ ይጥላል። ከመስኮቱ ደግሞ 500 ሉክስ ግድግዳው ላይ አረፈ እንበል። ነጩ 1,833፣ ጥቁሩ 500 ሆነ፤ ልዩነቱ 3.7 ለ 1 ብቻ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የኢንፎኮም መስፈርት ግን እንዲሁ ለማየት ቢያንስ 7 ለ 1፣ አንብቦ ለመወሰን 15 ለ 1 ይላል።

ፕሮጀክተሩን በእጥፍ አሳድገን 6,000 ሉመን ብናደርገውስ? 6.3 ለ 1። አሁንም 7 አልሞላም! ስክሪኑ ላይ የሚያርፈውን የክፍል ብርሃን ከ500 ወደ 95 ሉክስ ብናወርደው ግን ያው አሮጌው ፕሮጀክተር 15 ለ 1 ይሰጣል።

መስታወቱ የሚያመጣው ለውጥ

ድሮ ኋላቸው እንደ ሳጥን የተነፋ ትልልቅ ቴሌቪዥኖች ትዝ ይሏችኋል? ብዙዎቹ ውስጣቸው ፕሮጀክተር ነበረ፤ ምስሉን ከኋላ ነበር የሚወረውሩት። የመስታወት ስክሪንም እንደዚያው ነው። ፕሮጀክተሩ ከመስታወቱ ጀርባ ባለ ጨለማ ክፍል ይቀመጣል፣ ተመልካቹ ከፊት ለፊት ያያል።

መስታወቱ ግራጫ ቀለም አለው፣ በፕሮጀክተሩ በኩል ያለው ገጹ ደግሞ ብርሃን የሚበትን ሽፋን አለው። መስታወቱ ግማሹን ብርሃን ያሳልፋል እንበል። የፕሮጀክተሩ ብርሃን አንዴ ብቻ ስለሚያልፍ ግማሹ ይደርሰናል። የመስኮቱ ብርሃን ግን ሽፋኑን ነክቶ ለመመለስ ሁለት ጊዜ ማለፍ ስላለበት ወደ ሩብ ይወርዳል። ሽፋኑን አልፎ የሚሄደውን ደግሞ ጨለማው ክፍል ይውጠዋል። ጥቁሩ ጥቁር የሚሆነው በዚህ ነው።

ለመግጠም ላሰበ

1. ቦታ፦ የኋላው ክፍል መስኮት አይኑረው፣ ግድግዳውም ጥቁር ይቀባ። የተለመደ ፕሮጀክተር ለ2 ሜትር ምስል 3 ሜትር አካባቢ ርቀት ይፈልጋል። ቦታ ከጠበበ በአንድ መስታወት (ፊት ማያ ዓይነቱ) ብርሃኑን ማጠፍ ይቻላል።

2. ግራና ቀኝ፦ ከኋላ ሲታይ ጽሑፉ ይገለበጣል። ፕሮጀክተሩ ሜኑ ውስጥ ከኋላ ለማሳየት የሚሆነውን ምረጡ። ማጠፊያ አንድ መስታወት ካለ ግን እሱ ራሱ ስለሚገለብጠው ሜኑውን አትንኩት።

3. አቅጣጫ፦ ስክሪኑ መስኮት ፊት ለፊት አይቁም። የመስታወቱ ፊት የሚያብለጨልጭ ስለሆነ መስኮቱን መልሶ ያሳያችኋል። መስኮቶቹ በጎን ቢሆኑ ይሻላል።

4. ክብደት፦ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መስታወት በካሬ ሜትር 2.5 ኪሎ ይመዝናል። ከላይ ያልነው መጠን በ6 ሚሊ 34 ኪሎ ገደማ ይመጣል። ፍሬሙ ግንቡ ላይ በደንብ ይታሰር፣ ከስር ጎማ ይግባለት፣ ዙሪያውን ትንሽ ክፍተት ይተውለት። ብረት በቀጥታ እንዳይነካው።

5. ልክ፦ ቴምፐር መስታወት አንዴ ከተሰራ በኋላ አይቆረጥም። ስለዚህ ፍሬሙ ካለቀ በኋላ ልኩን ወስዳችሁ እዘዙ። ከባሕር ዳርም ከአዲስ አበባም ሲመጣ ቆሞ እንጂ ተኝቶ አይጫን።

የኛ አገር ጉዳይ

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ የፕሮጀክተር ማራገቢያ እንደ ቆላ አያበርድም። ብዙ ፕሮጀክተሮች ከ1,500 ሜትር በላይ ለሆነ ቦታ የሚከፈት የከፍታ ማስተካከያ አላቸው። ሳይከፈት ቀርቶ በተዘጋ የኋላ ክፍል ከሰራ ሙቀቱ ያጠፋዋል፣ ዕድሜውንም ያሳጥረዋል። ለክፍሉ አየር ማስወጫ አትርሱለት።

ለሁሉም ይሆናል ወይ?

አይሆንም። ለትንሽ የመማሪያ ክፍል ትልቅ ቴሌቪዥን ይቀላል። የኋላ ክፍል ለሌለው አዳራሽ ደግሞ ከሁሉ በፊት ስክሪኑ አጠገብ ያለውን መጋረጃ ብቻ መዝጋትና ከስክሪኑ በላይ ያለውን አምፖል ማጥፋት ይሞከር። ይሄ ብዙ ወጪ የለውም። መስታወቱ የሚያዋጣው ቀን ቀን ብዙ ሰው ለሚሰበሰብበት፣ ከኋላው ክፍል ላለው ቤት ነው። ነገ ጋፋት ላይ የሴባስቶፖልን ታሪክ በቀን ለሚመጣ ጎብኚ በምስል ላሳይ የሚል ቢነሳም ሊያስብበት ይገባል።

ዕቃ ግዢ ላይ ያለ ሰው ካወቃችሁ ይሄን አጋሩት። ሌላ ፕሮጀክተር ከመታዘዙ በፊት፣ ያለውን አጥፍቶ ግድግዳውን አንዴ ይየው።