በአቃቂ ቃሊቲ ዮጋ ለመማር የሚሻ ሰው ወዴት ይሂድ?

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ዮጋ የሚባለው የሕንዶች የሰውነት ማሠልጠኛ ጥበብ በከተማችን ስሙ እየተዘወተረ መጥቷል። ስሙ ይዘውተር እንጂ ትምህርቱን ፈልጎ ማግኘት እንደ መኖሪያው ሠፈር የሚለያይ ነገር ሆኗል። ለዚሁ ተብለው የተዘጋጁት ቤቶች፣ በተለምዶ ስቱዲዮ የሚባሉት፣ በብዛት የሚገኙት የውጭ አገር ሰዎችና ትልልቅ ሆቴሎች በሚበዙባቸው በቦሌና በመሰሎቹ ሠፈሮች ነው። ታዲያ በከተማው ደቡብ ጫፍ፣ በአቃቂ ቃሊቲ የሚኖር ሠራተኛ ወዴት ይሂድ? በዛሬው ዕለት ስለዚህ ነገር ከአንባቢያን ጋር ጥቂት ለመወያየት አስበናል።

አስቀድመን ዮጋ ምን እንደ ሆነ እንናገር። ቃሉ ከጥንቱ የሕንዶች ቋንቋ ከሳንስክሪት የተገኘ ሲሆን፣ ሥሩ ማጣመር ወይም መጥመድ ማለት ነው። የእኛ ገበሬ ሁለት በሬዎችን በአንድ ቀንበር ጠምዶ እንደሚያርስ፣ ዮጋም ሰውነትን፣ እስትንፋስንና ሐሳብን አጣምሮ በአንድ መንገድ ለመምራት የሚጣጣር ትምህርት ነው። ተማሪው ምንጣፍ ላይ ቆሞ፣ ተቀምጦ ወይም ተኝቶ፣ እጅና እግሩን እየዘረጋ፣ ወገቡን እያጠፈና እያቃና፣ እስትንፋሱን ሳያጣድፍ ይሠለጥናል። ሩጫ የለበትም፣ ጩኸት የለበትም፤ ዳሩ ግን ቀላል ነው ብሎ የጀመረው ሰው ብዙ ሳይቆይ ላብ ሊያጠምቀው ይችላል።

አዲስ አበባም ለዮጋ ታሪክ ባዕድ አይደለችም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሕንድ ባቀረበችው ሐሳብ መሠረት፣ ሰኔ 14 ቀን በየዓመቱ የዮጋ ቀን ሆኖ እንዲከበር የወሰነው ታኅሣሥ 2 ቀን 2007 ዓ.ም. ነው። ሁለት ዓመት ያህል ቈይቶ፣ በኅዳር ወር 2009 ዓ.ም.፣ ዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶችን የሚመዘግበውን ጉባኤ በዚሁ በአዲስ አበባ ባደረገ ጊዜ፣ ዮጋ ከሰው ልጅ ቅርሶች መካከል የተመዘገበው በእኛው ከተማ ነው። የኦሮሞ ሕዝብ የገዳ ሥርዓትም የተመዘገበው በዚያው ጉባኤ ላይ ነበር።

አቃቂ ራሷ ከሕንድ ጋር ያላት ትውውቅ ከዚህ እጅግ የቀደመ ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የሕንድ ባለሀብቶች ከኢትዮጵያውያን ጋር በሽርክና ኢንዶ ኢትዮጵያ የተባለውን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያቋቋሙት በአቃቂ ነበር። በዚያው ዘመን በየአውራጃው ትምህርት ቤት የሕንድ መምህራን ሒሳብና ሳይንስ ያስተምሩ እንደ ነበር ብዙ ሽማግሌዎች ያስታውሳሉ። የሕንድ ጥጥ መፍተያና የሕንድ ሒሳብ ከደረሱበት ሠፈር፣ የሕንድ የጤና ጥበብ ሳይደርስ መቅረቱ የሚያስገርም ነው።

ለመሆኑ ይህ ነገር ለአቃቂ ሰው ምን ይጠቅመዋል? በቃሊቲ ከሚገኙት ፋብሪካዎች በአንዱ ቀኑን ሙሉ በስፌት መኪና ላይ ጐንበስ ብላ የምትውል አንዲት ሴት ወይዘሮ እንውሰድ። ወይም ከጂቡቲ መንገድ የተመለሰ የከባድ መኪና ሹፌር እናስብ። የሁለቱም ስሞታ ወገብ ነው። የአሜሪካ የሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ ለቈየ የወገብ ሕመም መድኃኒት ከማዘዝ በፊት ሊሞከሩ ከሚገባቸው ነገሮች መካከል ዮጋን ቈጥሮታል። ነገር ግን ማጋነን አይገባም። የተደረጉት ምርመራዎች የሚያሳዩት ጥቅሙ መጠነኛ መሆኑንና ለወገብ ተብሎ ከሚሠራ ከሌላ እንቅስቃሴ የሚበልጥ ለመሆኑ ማስረጃ አለመኖሩን ነው። ዮጋ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት አይተካም።

ችግሩ መንገዱ ነው። ከአቃቂ ተነሥቶ ቃሊቲን፣ ሳሪስንና ጐተራን አልፎ እስከ መስቀል አደባባይ፣ ከዚያም እስከ ቦሌ ለመድረስ የታክሲውን ሰልፍና የመንገዱን መጨናነቅ የማያውቅ የለም። ለአንድ ሰዓት ትምህርት ደርሶ መልስ ሦስት ሰዓት መንገድ ላይ የሚያጠፋ ሠራተኛ፣ ወገቡን ሊያሳርፍ ሄዶ ወገቡን አድክሞ ይመለሳል። የትምህርቱ ዋጋና የትራንስፖርቱ ሒሳብ ሲደመር ደግሞ ለአንድ የፋብሪካ ደመወዝተኛ የሚቻል አይሆንም።

በእኛ አስተያየት ግን የሚፈለገው ሰሌዳ የተሰቀለበት ቤት አይደለም፤ የሚፈለገው መምህር ነው። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል እንዲሉ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ለዚህ የሚሆን ወለል አለ። የወጣት ማዕከሉ፣ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ የዕድሩ ቤት፣ በኮንዶሚኒየሙ ግቢ ያለው ኮሚናል፣ ሁሉም ባዶ የሚውሉበት ሰዓት አላቸው። ዕቃውም ቢሆን የሚያስቸግር አይደለም። ቢ.ኬ.ኤስ. አየንጋር የተባሉት እ.ኤ.አ. በ1918 ተወልደው በ2014 ያረፉት ስመ ጥር የሕንድ መምህር፣ በልጅነታቸው በሽታ ያደከማቸው ስለ ነበሩ፣ ሰውነቱ እንደ ልብ የማይታዘዝለት ሰው እንዲማር ብለው ወንበር፣ መታጠቂያ፣ የእንጨት ጡብና የታጠፈ ብርድ ልብስ ለትምህርቱ መደገፊያ አድርገዋል። በእኛም አገር የታጠፈ ጋቢ ለመቀመጫ፣ ነጠላም እግር ለመሳቢያ ያገለግላል። ብቻ ወለሉ የማያንሸራትት ይሁን።

መምህሩን መምረጥ ግን ጥንቃቄ ይሻል። ጥሩ መምህር ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ስለ ጤናችሁ ይጠይቃል። የደም ግፊት ወይም የዐይን ግፊት ያለበትን ሰው በራሱ ላይ አያስቆምም፤ ነፍሰ ጡርን እንደ ሌላው ተማሪ አያሠራም፤ የወገብ ዲስክ ሕመም ያለበትን ከሐኪሙ ጋር እንዲመክር ይነግረዋል። በጉልበቱ ተጭኖ የተማሪውን እጅና እግር አያስገድድም። ሕመም ሲሰማችሁ «ቻሉት» የሚል ሳይሆን «ተዉት» የሚል ነው። ከማንና ለምን ያህል ጊዜ እንደ ተማረ ሲጠየቅም አይቈጣም። ከበድ ያለ ምግብ ከበሉ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ሳይቈዩ አለመጀመርም ደግ ነው።

የሃይማኖትን ነገር የሚያነሡ ወገኖችም አሉ፤ ጥያቄያቸውም የሚናቅ አይደለም። ዮጋ የተወለደው በሕንድ ሃይማኖቶች መካከል መሆኑ እውነት ነው። ዛሬ ብዙ ቦታ የሚሰጠው እንደ ሰውነት ማሠልጠኛ ብቻ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ግን የሳንስክሪት ዜማና ጸሎት ይጨመርበታል። ስለዚህ ተማሪው በትምህርቱ ውስጥ ምን እንዳለ አስቀድሞ መምህሩን ይጠይቅ፤ ከዚያ በኋላ እንደ ኅሊናው ይወስን።

መምህር ከየት ይገኛል ለሚለው፣ ጐረቤታችን ኬንያ ምሳሌ ትሆነናለች። በናይሮቢ እ.ኤ.አ. በ2007 የተመሠረተው የአፍሪካ ዮጋ ፕሮጀክት፣ ከድኻ ሠፈሮች የወጡ ወጣቶችን መምህራን አድርጎ አሠልጥኖ፣ በየሠፈራቸው ተመልሰው እንዲያስተምሩ አድርጓል። ለወጣቱም እንጀራ ሆነው፣ ለሠፈሩም ጤና። በአቃቂም ይህን የሚከለክል ነገር አይታየንም። እስከዚያው ድረስ አሥራ አምስት ጐረቤቶች እንደ ዕቁብ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ቢያዋጡ፣ አንድ ሰው ብቻውን ሊከፍለው የማይችለውን የመምህር ዋጋ ተካፍለው፣ በሳምንት አንድ ቀን መምህሩን ወደ ሠፈራቸው ሊያስመጡት ይችላሉ። አሥራ አምስት ሰው ወደ ቦሌ ከሚጓዝ አንድ ሰው ወደ አቃቂ ቢጓዝ ይቀላል።

የወጣት ማዕከላትና የትምህርት ቤቶች ኀላፊዎች አዳራሻቸውን በዕረፍት ቀን ለዚህ ዐይነቱ ጕዳይ ቢከፍቱ፣ የፋብሪካ ባለቤቶችም ለሠራተኞቻቸው ግማሽ ሰዓት ቢፈቅዱ፣ የሚያተርፉት ጤነኛ ሠራተኛ ነውና አይጐዱም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ተረት፣ ድርና ማግ ሲሸመንባት ለኖረችው ለአቃቂ እኛ አናስተምራትም። ጀማሪው ብቻ ነው የሚፈለገው።