አዲስ ተሳቢ ሲታዘዝ፦ ቁልቁለቱና ቡናው የሚጠይቁት

ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው አሰንዳቦ፣ ቡና የጫኑ ባለተሳቢ መኪናዎች ሲያልፉ ማየት የተለመደ ነው። ተሳቢ በአገራችን መሠራት ከጀመረ ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1993 መቀሌ ላይ የተመሠረተው መስፍን ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ በዚህ ሥራ ስሙ የታወቀ ነው። አዲስ ተሳቢ የሚያዝ ሰው መሠረታዊውን አካል ከመረጠ በኋላ ሌላ ረድፍ ምርጫ ይጠብቀዋል፦ ሦስተኛ አክስል፣ የፍሬን ዓይነት፣ ባሌስትራ ወይም የአየር ከረጢት፣ ሸራ ወይም ዝግ ሳጥን። እያንዳንዱ ተጨማሪ ዋጋ አለው፤ ክብደትም አለው። ታዲያ የትኛው ያስፈልጋል? መልሱን በከፊል በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከተማርነው ፊዚክስ ማግኘት እንችላለን።

ቁልቁለቱ የሚያመነጨው ሙቀት

ከአሰንዳቦ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ መኪና ሰኮሩንና አበልቲን አልፎ ወደ ጊቤ ሸለቆ ይወርዳል። ለስሌታችን ያህል የተሳቢው ክብደት ከነጭነቱ 18 ቶን፣ የሚወርደው ከፍታ 600 ሜትር፣ የመንገዱ ርዝመት 12 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። በከፍታ ምክንያት የተጠራቀመው ኃይል ክብደተ ቁስ በስበት ፍጥነት፣ እንደገና በከፍታ ሲባዛ ይገኛል፦ 18,000 × 9.8 × 600 ወደ 106 ሚሊዮን ጁል ይሆናል። ይህ ኃይል 20 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነ 316 ሊትር ገደማ ውሃ፣ ማለትም ከአንድ በርሜል ተኩል በላይ፣ ለማፍላት ይበቃል።

በአሰንዳቦ አካባቢ ያለው የግልገል ጊቤ አንድ ኃይል ማመንጫም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። ከከፍታ የሚወርደው ውሃ ተርባይን አሽከርክሮ ኃይሉን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። የሚወርደው ተሳቢ ግን ተርባይን የለውም፤ ፍጥነቱ እንዳይጨምር ከተፈለገ ኃይሉ ወደ ሙቀት መለወጥ አለበት። መኪናው በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢወርድ ጉዞው 24 ደቂቃ ይፈጃል፤ በየሴኮንዱም ወደ 73 ኪሎ ጁል የሚደርስ ሙቀት መወገድ ይኖርበታል። የጎማው ሰበቃና የሞተር ፍሬን ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ሸክሙ ሁሉ በተሳቢው ፍሬን ላይ ቢወድቅ ግን ባለ ሁለት አክስል ተሳቢ አራት ታምቡሮች ስላሉት ለእያንዳንዱ 18 ኪሎ ዋት ገደማ ይደርሰዋል። ባለ ሦስት አክስሉ ስድስት ታምቡሮች ስላሉት ድርሻው ወደ 12 ይወርዳል።

ታምቡር ከልክ በላይ ሲግል ሁለት ነገሮች ይከሰታሉ። አንደኛ፣ ብረቱ ስለሚሰፋ ከፍሬን ሸራው ይርቃል። ሁለተኛ፣ የሸራው የሰበቃ ኃይል ይቀንሳል። ሾፌሩ ፔዳሉን ቢረግጥም ፍሬኑ አይዝም። የዲስክ ፍሬን ሲግል ግን ወደ ሸራው የሚሰፋ ከመሆኑም በላይ ለነፋስ የተጋለጠ በመሆኑ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ይሁንና መለዋወጫውን በየከተማው ማግኘት ቀላል አይደለም።

ብዙዎች ኤ.ቢ.ኤስ. የተባለውን መሣሪያ ለቁልቁለት መድኃኒት አድርገው ያዩታል። ኤ.ቢ.ኤስ. ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት ይከላከላል፤ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚዘንብበት የጅማ አካባቢ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። የጋለን ታምቡር ግን አያቀዘቅዝም። ለቁልቁለት ዋስትናው በቂ ፍሬን፣ ዝቅተኛ ማርሽና ልክ ያለፈ ጭነት አለመጫን ነው።

ሦስተኛው አክስልና መንገዱ

እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ ክፍለ ግዛት የተካሄደ ሰፊ የመንገድ ሙከራ፣ በአስፋልት ላይ የሚደርሰው ጉዳት በአክስል ክብደት አራተኛ ርቢ ገደማ እንደሚያድግ አሳይቷል። 18 ቶኑ በሁለት አክስል ሲከፈል ለእያንዳንዱ 9 ቶን፣ በሦስት ሲከፈል 6 ቶን ይደርሰዋል። ልዩነቱ 1.5 እጥፍ ብቻ ቢመስልም አራተኛ ርቢው ከ5 ይበልጣል። የአክስሎቹን ብዛት ስናስገባ ባለ ሦስት አክስሉ በመንገዱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የባለ ሁለቱ ሠላሳ በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

ይህ ግን ያለ ዋጋ አይገኝም። አንድ አክስል ከነጎማውና ከነባሌስትራው ክብደቱ ወደ 10 ኩንታል ሊጠጋ ይችላል። ጠቅላላ ክብደቱ ሳይለወጥ ይህ ከተጨመረ 17 የሚያህሉ ባለ 60 ኪሎ የቡና ጆንያዎች መሬት ይቀራሉ። አንዳንድ ባለንብረት አክስሉን ካስጨመረ በኋላ በዚያው መጠን ጭነት ሊጨምርበት ይፈልጋል። ያን ጊዜ የተገዛው ደኅንነት ተመልሶ ይሸጣል።

ባሌስትራ ወይስ የአየር ከረጢት?

የምንጭ ንዝረት ድግግሞሽ የሚወሰነው በምንጩ ጥንካሬና በተሸከመው ክብደት ነው። በባሌስትራው ላይ ያረፈው ክብደት ወደ ሩብ ሲወርድ ድግግሞሹ በእጥፍ ይጨምራል። ጭነቱን አራግፎ የሚመለስ ተሳቢ በየጉድጓዱ የሚዘለው በዚህ ምክንያት ነው። የአየር ከረጢት ግፊቱን እንደ ጭነቱ ስለሚያስተካክል ንዝረቱ ብዙም አይለወጥም። ለጠርሙስ ወይም ለቲማቲም ጫኝ ይህ ተገቢ ወጪ ነው፤ የቡና ፍሬ ግን በመንገጫገጭ አይጎዳም። ባሌስትራ በየጋራዡ ስለሚጠገን ለቡና ጫኝ ይበቃዋል። የተረፈውን ገንዘብ የፍሬኑን ግፊት እንደ ጭነቱ መጠን የሚቀንስና የሚጨምር ቫልቭ ለማስገጠም ቢያውለው የተሻለ ነው፤ ባዶው ተሳቢ ሲዘል ጎማው በቀላሉ እንዳይቆለፍ ይረዳዋል።

ቡናው የሚጠይቀው

የደረቀ ቡና እርጥበቱ 11 ወይም 12 በመቶ አካባቢ ሲሆን ከአየሩ እርጥበትና ሽታ ይስባል። ዝግ የብረት ሳጥን ዝናብንና ሌባን ይከላከላል፤ ነገር ግን በቀን የሞቀው እርጥብ አየር በደጋ ሌሊት ከቀዝቃዛው ብረት ጋር ሲገናኝ ጤዛ ሆኖ በጆንያው ላይ ይንጠባጠባል። ስለዚህ ሳጥን የመረጠ ሰው የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎችን፣ ሸራ የመረጠ ደግሞ ጥሩ ውሃ የማያስገባ ሸራ ማዘዝ አለበት። በሁለቱም ጆንያውን ከብረቱ የሚለይ የጣውላ ወለል ያስፈልጋል። ቀድሞ ናፍጣ የፈሰሰበት ወለል የአንድ ዓመት ልፋት ውጤት የሆነውን ቡና መዓዛ ሊያበላሽ ይችላል።

ቅደም ተከተሉ

እንግዲህ ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ አንድ ቀላል መመሪያ አለ። በኋላ ሊጨመሩ የማይችሉትን ወይም ሻንሲውን ማፍረስ የሚጠይቁትን፣ ማለትም የአክስል ብዛትንና የፍሬን ዓይነትን፣ በትእዛዙ ጊዜ መወሰን ይገባል። ሸራ፣ የዕቃ ሳጥን፣ ተጨማሪ መብራትና ቀለም በኋላም ይደርሳሉ። ቀለሙ በአሰንዳቦ ገበያ ዓይን ይስባል፤ በጊቤ ቁልቁለት ላይ ሾፌሩን፣ ረዳቱንና ከፊታቸው ያለውን መንገደኛ የሚጠብቀው ግን ከተሳቢው ሥር ያለው ነው።