ምጣዱ፣ ብሬከሩና የመሬት ሽቦው

ሽታም ድምፅም የሌለው ረቂቁ የኤሌክትሪክ ኃይል በየቤታችን ከገባ ወዲህ የሽቦው ጽናት ከሁሉ ይልቅ የሚፈተነው በእንጀራ ምጣድ ነው፤ አንድ የተለመደ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት ያህል የሚስብ ስለ ሆነ፣ በ220 ቮልት መስመር ላይ 16 አምፔር የሚጠጋ ኮረንቲ ያለፋታ ያሳልፋል። የሽቦም ጠባይ ኮረንቲው እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ መሆን ነውና፣ ለመብራት በተዘረጋ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ላይ፣ ማቀዝቀዣና ቴሌቪዥን በተሰኩበት ማከፋፈያ ምጣድ ጨምሮ መሰካት በግድግዳ ውስጥ ፍም እንደ ማዳፈን ነው። ምልክቱም አስቀድሞ ይታያል፤ የሶኬቱ ቀዳዳ ዙሪያው ይጠቁራል፣ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፣ ተነቅሎ ሲነካም የስፒናው እግር ጣት ይለበልባል። ስለዚህ ለምጣድ ከብሬከር ሳጥን ተነሥቶ በቀጥታ የሚመጣ፣ ቢቻል 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የራሱ ሽቦና የራሱ ብሬከር ሊበጅለት ይገባል።

ብዙ ሰው ግን ብሬከር ካለ ነፍሱ የተጠበቀች ይመስለዋል፤ ይህ እምነት እጅግ ያሳስበኛል፣ የሰው ሕይወት የሚያስጠፋ ነውና። 20 አምፔር የተጻፈበት ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው፤ የሰውን ልብ ግን ከአንድ አምፔር አንድ አሥረኛ ያነሰ ኮረንቲ ሊያቆመው ሲችል፣ ብሬከሩ ይህን ያህሉን ከቶ አያስተውለውም። በሊጥ የራሰ እጅ፣ በእርጥብ ወለል ላይ የቆመ ባዶ እግርና ገላው ብረት የሆነ ምጣድ በአንድነት በሚገናኙበት ማድ ቤት፣ በውስጥ ያለው ሽቦ ልባሱ ተልጦ ብረቱን ቢነካ፣ ኮረንቲው በጋጋሪዋ ሥጋ አልፎ ወደ መሬት ይወርዳል። አረንጓዴና ቢጫ መልክ ያለው የመሬት ሽቦ የተደነገገው ስለዚሁ ነው፤ እርሱ በደንብ ተገጥሞ ከሆነ ኮረንቲው በእርሱ በኩል በብዛት ስለሚፈስ ብሬከሩ ወዲያው ይወድቃል። ነገር ግን ይህን ሽቦ ቆርጦ፣ በናስትሮ ጠቅልሎ በግድግዳ ውስጥ የሚቀብር ሠራተኛ ስንት ነው! በጓሮ የተተከለው የመዳብ ዘንግም ቢሆን አገልግሎቱ በአፈሩ ርጥበት የሚወሰን ስለ ሆነ፣ መፈተን ያለበት መሬቱ በሚደርቅበት በበጋ ነው፤ የብረት የውሃ ቧንቧን የመሬት መስመር ባደረጉ አሮጌ ቤቶችም፣ ቧንቧው በፕላስቲክ በተለወጠ ዕለት ባለቤቱ ሳያውቅ መከላከያው ይጠፋል።

ይህ ሁሉ ለእያንዳንዱ ፈቃድ የተተወ አይደለም። በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው የሕንፃ ደረጃ ኢቢሲኤስ 10 የኤሌክትሪክ ዝርጋታን ሥርዓት ሲወስን፣ የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ደግሞ ሠራተኛው የብቃት ማረጋገጫ እንዲኖረው ያዛል።

በወፍጮ ቤት፣ በዳቦ መጋገሪያና በብየዳ ቤት፣ በ380 ቮልት ባለ ሦስት ፌዝ መስመር በሚሠራበት ስፍራ፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ብሬከሩ ደጋግሞ ሲወድቅ ባለቤቱ በ32 አምፔሩ ፈንታ 63 ሲያስገጥም ነው፤ ብሬከር ግን የሚመረጠው ሽቦው በሚችለው ልክ ነው።

ከዚህ ሌላ፣ ወጥቶ ያልተመለሰው ኮረንቲ 30 ሚሊ አምፔር ሲደርስ መስመሩን በቅጽበት የሚቆርጥ ዐቃቤ ነፍስ መሣሪያ አለ፤ በላዩ ያለችውን ትንሽ መፈተኛ ቁልፍ በየጊዜው መጫን ያስፈልጋል፣ ተጭና መስመሩ ካልተቋረጠም መሣሪያው በዚያው ቀን ይለወጥ።