ከጣና ዳር እስከ ሊማሊሞ፦ የቆየ ካርታ እንዴት ይነበባል?

በ1 ለ50,000 ስኬል ከተሠሩት የኢትዮጵያ የመልክዓ ምድር ካርታዎች አንዱ ቅጠል በየጎኑ 27 ኪሎ ሜትር ያህል መሬት ይይዛል። በወረቀቱ ላይ ያለው ሁለት ሳንቲ ሜትር በምድር ላይ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ኮንቱር የሚባሉት ቡናማ መስመሮች እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች እያያያዙ በየ20 ሜትሩ ይሄዳሉ። ወገራ ላይ መስመሮቹ ተራርቀው ይታያሉ፤ አገሩ ሜዳ ስለሆነ ነው። ደባርቅን አልፎ ሊማሊሞ ሲደረስ ተጣብቀው አንዱን ከሌላው መለየት ያስቸግራል። ያ የገደሉ አፋፍ ነው። በዚያ አፋፍ ላይ ነጋዴውም፣ ጳጳሱም፣ ወራሪውም፣ በኋላም የጭነት መኪናው ወጥቷል፤ ወርዷል።

ዜና መዋዕሎቻችን ስለ ነገሥታትና ስለ ዘመቻ አብዝተው ይናገራሉ። አንድ መንደር መቼ እንደተፈታ፣ መንገድ ለምን አቅጣጫ እንደቀየረ፣ ገበሬው ለምን ከሜዳው ይልቅ ተረተሩን እንደመረጠ ግን እምብዛም አያነሱም። ለዚህ ዓይነቱ የገጠር ታሪክ ከቆዩ ካርታዎች የተሻለ ምስክር ብዙ የለንም። ምስክርነቱ የሚገኘው ግን እያንዳንዱን ካርታ ማን፣ ለምን ጉዳይ እንዳሠራው ጠይቆ ለሚያነብ ሰው ነው። የጎንደርን ደጋ የሳሉት ሰዎች ጉዳያቸው በየዘመኑ የተለያየ ነበር፤ ወረቀቱም የሚያሳየው ያንን ጉዳያቸውን ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

መጀመሪያ የመጡት የመንገደኛ ካርታዎች ናቸው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከምጽዋ ተነስቶ፣ ሊማሊሞን ወጥቶ፣ በ1770 መጀመሪያ ጎንደር ገባ፤ ካርታውንም ከጉዞ መጽሐፉ ጋር በ1790 አሳተመ። በእንዲህ ያለው ካርታ ላይ መንገዱና በመንገዱ ግራና ቀኝ ከበቅሎ ጀርባ የሚታየው አገር በደንብ ተስሏል። ከዚያ ወዲያ ያለው ግን በወሬ የተሞላ ወይም ባዶ ነው። ባዶውን ስፍራ ሰው ያልነበረበት አገር አድርጎ መውሰድ ትልቅ ስሕተት ይሆናል፤ ባዶነቱ የሚነግረን መንገደኛው በዚያ አለማለፉን ብቻ ነው።

ከመንገደኞቹ መካከል አንዷን የተራራ ጫፍ ከሌላዋ ጋር በስሌት ለማያያዝ የደከመው አንቷን ዳባዲ ነው። ይህ ሰው ከ1838 እስከ 1848 ባሉት ዓመታት በአብዛኛው በኢትዮጵያ ቆይቷል። ተራራ ላይ ወጥቶ በቴዎዶላይት የሌሎቹን ተራሮች አቅጣጫ እየለካ ይመዘግባል። ከፍታውን የሚያገኘው ውሃ አፍልቶ ነው፤ ውሃ ከፍ ባለ ቦታ በአነስተኛ ሙቀት ስለሚፈላ የቴርሞ ሜትሩ ንባብ የቦታውን ከፍታ ይጠቁማል። ውጤቱን ከ1860 ጀምሮ በፓሪስ አሳተመ። አማርኛ ያወቀ፣ ኋላም የአማርኛ መዝገበ ቃላት ያዘጋጀ ሰው በመሆኑ የቦታ ስም አጻጻፉ ከብዙዎቹ የተሻለ ጥንቃቄ ይታይበታል። ለዛሬ አንባቢ የሱ ሥራ ዋጋ እዚህ ላይ ነው፤ ተራሮቹ ስላልተነቃነቁ እሱ ከለካቸው ነጥቦች አጠገብ የተጻፈን ስም ዛሬ ሄዶ መፈለግ ይቻላል።

የጣሊያኖቹ ጉዳይ ሌላ ነበር። ከ1935 እስከ 1941 ድረስ ከአውሮፕላን ፎቶ እያነሱ በፍጥነት ካርታ ሠሩ፤ ሊያውቁ የፈለጉት ወታደርና መኪና በየት በኩል እንደሚያልፍና ውሃ የት እንደሚገኝ ነው። ከነዚያ ፎቶዎች 8,281 ሰሌዳዎች አዲስ አበባ በካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ ተገኝተው ጥናታቸው በ2016 ታትሟል። በእያንዳንዱ ሰሌዳ ላይ አንድ ቀጥታ ወደ ታች የተነሳና ሦስት ወደ ጎን ያዘነበሉ ፎቶዎች ተለጥፈዋል። ለታሪክ ፈላጊ ከካርታው ይልቅ ፎቶው ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ካርታ ሠሪው የማይፈልገውን ይተዋል፤ የካሜራው ሌንስ ግን እርሻውን፣ አጥሩንና የእግር መንገዱን ሁሉ አብሮ ይወስዳል።

ጣሊያኖቹ የአስመራን መንገድ በወልቀፊትና በሊማሊሞ አድርገው ወደ ጎንደር ሲያወጡት ብሩስ የወጣበትን ያንኑ የጥንት በር መከተላቸው ነው። መሐንዲስ ቢመጣም ገደሉ ሌላ ምርጫ አልሰጠም። ከወልቀፊት በኋላ ግን መንገዱ ደባርቅን፣ ዳባትንና አምባ ጊዮርጊስን እያያያዘ አለፈ፤ የመኪና መንገድ ያልደረሰባቸው ስፍራዎች ወደ ዳር ቀሩ። የአፄ ሱስንዮስ መናገሻ የነበረችው ደንቀዝ ከጎንደር በስተ ደቡብ ምሥራቅ ዛሬም በተረተሯ ላይ ናት፤ ዋናው መንገድ ግን አያገኛትም። በ1941 ጦርነቱ ሲያበቃ የጣሊያን ጦር የመጨረሻ ምሽጎቹን የያዘውም እንዲህ ባሉ በሮች ላይ ነበር፦ ወልቀፊት በመስከረም ወር፣ ቁልቋል በር ኅዳር አጋማሽ ላይ እጅ ሰጡ፤ ጎንደር ከቁልቋል በር በኋላ ሳምንት እንኳ ሳይሞላት ወደቀች። የቦታዎቹን ኮንቱር ያየ ሰው ምሽጎቹ ለምን እዚያ እንደተሠሩ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በጣሊያን ካርታ ስም ለሚፈልግ አንድ ምክር፦ ወገራም ወልቀፊትም በማውጫው ውስጥ የሚገኙት በ«ኡ» ፊደል ሥር ነው።

ሦስተኛው ትውልድ የመጣው ከጦርነቱ በኋላ በዓባይ ጥናት ነው። የአሜሪካ መንግሥት የመሬት ማልሚያ ቢሮ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ሆኖ የዓባይን ተፋሰስ አጠና፤ በ1964 የወጣው ሪፖርት ከዘረዘራቸው የመስኖ እቅዶች አንዱ ከጎንደር በታች ወደ ጣና የሚወርደው መገጭ ነበር። ለዚያ ሥራ ሲባል የተተከሉት የቅየሳ ነጥቦችና በ1960ዎቹ የተነሱት የአየር ፎቶዎች ኋላ ለአገሪቱ ካርታዎች መሠረት ሆነዋል። የዚህ ትውልድ ካርታ ወንዝን በጣም በጥንቃቄ ይከታተላል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። እነዚህ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባል መነሻ ነጥብ ላይ ተመሥርተው ነው፤ ስልካችን ላይ ያለው ጂፒኤስ ደግሞ በሌላ ይሠራል። የካርታውን ቁጥር እንዳለ ወደ ጂፒኤስ የሚያስገባ ሰው ከ200 ሜትር በላይ ይስታል። በደምቢያ ሜዳ ያን ያህል መሳት አንድ እርሻ ተሻግሮ መቆም ነው፤ በሰሜን ተራሮች አፋፍ ላይ ግን ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ከሁሉም የበለጠ ታሪክ የሚገኘው ኮንቱሮቹን ከበሽታ ጋር አብሮ ሲያነቧቸው ነው። የጣና ሐይቅ ወለል 1,786 ሜትር ላይ ነው። ከሐይቁ ዳር ወደ ሰሜን የደምቢያ ሜዳ ቀስ እያለ ይነሳል፤ አዘዞ ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል፤ የጎንደር ግንቦች ደግሞ በቀሃና በአንገረብ ወንዞች መካከል በወጣው ተረተር ላይ 2,200 ሜትር አካባቢ ቆመዋል። ደምቢያ ጥቁር አፈር ያለው የእህል አገር ነው፤ ክረምቱ ሲያልፍ ግን ውሃ ይተኛበታል፤ ወባ ይነሳበታል። በ1953 በደምቢያ ሜዳ የተነሳው ወረርሽኝ 7,000 ያህል ሰው እንደገደለ ተመዝግቧል። በ1958 ደግሞ ወባው ሰፊውን የኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ አዳረሰ፤ የታመመው ሦስት ሚሊዮን፣ የሞተው 150,000 ሰው እንደሚሆን ተገምቷል። የዚያን ጊዜ ክፉኛ የተመታው አገር ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ያለው ነበር።

እንግዲህ የ2,150 ሜትሩን መስመር በእርሳስ እየተከተሉ መሄድ ነው። ደምቢያን ሙሉ በሙሉ፣ አዘዞንም ከመስመሩ በታች ያስቀራል፤ የፋሲል ግቢን ግን ከመስመሩ በላይ ይተወዋል። ይህ ብቻውን ፋሲል በ1636 ለምን እዚያ እንደከተመ ይነግረናል አልልም፤ የንግድ መንገዶች መገናኛነቱ፣ ማገዶውና ውሃውም አሉ። ነገር ግን ቤተ መንግሥቱ ከጉዛራ፣ ከጎርጎራ፣ ከደንቀዝና ከአዘዞ በኋላ ጎንደር ላይ መርጋቱን ሲያስቡ፣ የጣና ዳር ንዳድ ለነገሥታቱ መዘዋወር ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ መሆኑን ሲጨምሩበት፣ መስመሩ ብዙ ያስረዳል። እህሉ ከታች፣ ጤናው ከላይ ነው፤ ጎንደር በሁለቱ መካከል ያለች ከተማ ናት። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1954 ሲቋቋም ከተነሱት ምክንያቶች አንዱ የደምቢያው ወረርሽኝ ነበር፤ ተማሪዎቹም ቆላ ድባ ወርደው ይሠለጥኑ ነበር። በሐኪሙና በንጉሡ መካከል ሦስት መቶ ዓመት ቢያልፍም ሁለቱንም ያሳሰባቸው ያው ዝቅተኛ ሜዳ ነው።

የከተማዋን ውስጥ ለማንበብም ከፍታ ይረዳል። በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። ብሩስ ከመቶ ዓመት በኋላ ሲመጣ የሙስሊሞቹን ሰፈር ከኮረብታው በታች ወንዙ አጠገብ አገኘው። ካርታው ውሳኔውን አይጽፍም፤ ማን ከላይ፣ ማን ከታች እንደተቀመጠ ግን ኮንቱሩ ያሳያል።

የካርታው ዝምታ ከዚህም የከፋ ይሆናል። ከጎንደር በስተ ሰሜን ያሉት ወለቃና አምቦበር የቤተ እስራኤል መንደሮች ነበሩ። ከ1984 እስከ 1991 ባሉት ዓመታት ሕዝቡ ወደ እስራኤል ሄደ። ስሞቹ በካርታ ላይ እንዳሉ ናቸው፤ ስሙን የያዙት ሸክላ ሠሪዎችና አንጥረኞች ግን አገር ለቀዋል። ሰሜን ተራሮች ላይ ደግሞ የስዊዘርላንድ ጂኦግራፈሮች በ1978 ያወጧቸው የ1 ለ25,000 ካርታዎች አሉ። ያን ዓመት የተራሮቹ ብሔራዊ ፓርክ በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ገብስ እያመረተ በተራራው ላይ ይኖር የነበረው የግጭ መንደር በ2016 ወደ ደባርቅ እንዲነሳ ተደርጓል። ፓርኩ በ2017 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ወጣ፤ ለዋልያው መልካም ዜና ነው። ሆኖም የግጭ ልጆች አያቶቻቸው የት እንዳረሱ ለማወቅ ሲፈልጉ የሚጠይቁት እነዚያን ካርታዎች ይሆናል፤ ስለዚህ ደባርቅ ላይ ቅጂያቸው እንዲኖር እመኛለሁ።

ስለ ደን የሚነገረውም በካርታ መፈተን አለበት። በ1900 አካባቢ የአገሪቱ 40 ከመቶ በደን የተሸፈነ ነበር የሚለው አባባል ለዓመታት ሲደጋገም ኖሯል፤ የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን በ1997 ማስረጃው ደካማ መሆኑን አሳይቷል። በሰሜን ኢትዮጵያ ከ1868 ጀምሮ የተነሱ ፎቶዎችን ዛሬ ከዚያው ቦታ ደግመው ያነሱ ተመራማሪዎችም በብዙ ስፍራ አሁን ከዚያን ጊዜ የበለጠ ዛፍ አግኝተዋል። የዚያ አንዱ ክፍል በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ነው። በቅርብ ዘመን ካርታ ላይ አረንጓዴ ቀለም ሲታይ «የጥንቱ ደን» ብሎ መደምደም አይገባም፤ ጽድና ወይራ የሚታመኑት በአብዛኛው ካርታው ቤተ ክርስቲያንን በሚያሳይበት የመስቀል ምልክት ዙሪያ፣ በቅጥሩ ውስጥ ነው።

ያ የመስቀል ምልክት ለገጠር ታሪክ ከሁሉም የጸና ችካል ነው። የጎንደር ደጋ ገበሬ ቤቱን አንድ ላይ አይሠራም፤ ጎጡ ተበታትኖ ይቀመጣል፤ ስሙም እንደ ጠያቂውና እንደ ተጠያቂው ይለያያል። አስተዳደሩም ይቀያየራል፦ አውራጃው ዞን ሆነ፤ አንዱ ሰሜን ጎንደር ዞን በ2017 ለሦስት ተከፈለ። ደብሩ ግን በቦታው ይቆያል። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት የቁስቋም ቤተ ክርስቲያን የመሬት መዝገብ ለአገልጋዮቹ የተሰጠውን ርስትና ጉልት በየቦታው ስም ይዘረዝራል፤ ዶናልድ ክረሚ በ2000 ባሳተመው መጽሐፉ በእንዲህ ዓይነት መዛግብት ላይ ተመሥርቶ የአገሩን የመሬት ታሪክ ጽፏል። በመዝገቡ ያሉትን የቦታ ስሞች አንድ በአንድ በ1 ለ50,000 ካርታ ላይ መፈለግ፣ ያልተገኘውን ይዞ ወደ ደብሩ ካህናትና ወደ አገር ሽማግሌዎች መሄድ፣ እነሱ ያሳዩትን ቦታ በጂፒኤስ መዝግቦ መመለስ ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ የታሪክና የጂኦግራፊ ተማሪዎች የተዘጋጀ ሥራ ነው። ሽማግሌዎቹ በዕድሜ እየገፉ ስለሆነ ሥራው ከደምቢያ ቢጀመር ይሻላል፤ እዚያ ደብሮቹ ተቀራርበው ይገኛሉ፤ ሜዳው በእግር ለመዞር ይመቻል፤ ቀያሾቹም ለመገጭ ሲሉ ወንዞቹን በጥንቃቄ ስለውልናል።