ከቆጮ ወደ ቅርጫ

የሀዲያዋ ጊምቢቹ ላይ መስከረም ሲጋመስ የውሻ ኑሮ ይገለበጣል። ዓመቱን ሙሉ በቆጮ ፍርፋሪ፣ በጎመን ቅሪትና ድስት በመላስ የኖረ ውሻ፣ የዘመን መለወጫው ያሆዴና መስቀል ሲደርሱ በአንድ ሌሊት የሥጋ ጌታ ይሆናል። በየሰፈሩ ሰንጋ ይጣላል፤ ቅርጫው ይከፋፈላል፤ ሰው የማይፈልገው ሞራ፣ የሳንባ ጫፍ፣ የጉበት ቁራጭና አጥንት ሁሉ ለውሻ ይወረወራል። በሦስተኛው ቀን ያው ውሻ እንሰት ሥር ተጠቅልሎ ይተኛል። ሲጠሩት ጅራቱን ብቻ ያነቃንቃል። ጓሮውን የዞረ ሰው ደግሞ ምን እንደደረሰበት ከመሬቱ ያነባል።

አንዱ “ጠግቦ ነው” ይላል፤ ሌላው “ዓይን በልቶት ነው” ይላል። ሁለቱም ጥቂት ጥቂት እውነት አላቸው ብዬ ባልፋቸው ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገር ግን ጥፋቱ ከጥጋብም ከዓይንም ይልቅ የድንገተኝነት ነው። ውሻው ሥጋ መብላቱ አይደለም የጎዳው፤ ትናንት ቆጮ በልቶ ዛሬ ሥጋና ጮማ ብቻ መብላቱ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ይኸው ነገር በፋሲካ ይታያል። ጾመኛ ቤት የሚያድር ውሻ የሁዳዴን 55 ቀን በሽሮና በእንጀራ ይገፋል። ከዚያ አንድ ሌሊት ላይ የዶሮ አጥንት፣ የበግ ጮማና በቅቤ ያበደ ወጥ ይወርድለታል። ሳይጠየቅ ጾሞ ሳይጠየቅ ይፈስካል።

ውሻ ከተኩላ የወረደ ሥጋ በል ነው የሚለው አባባል ግማሹን ብቻ የሚነግረን ነው። በ2013 (እ.ኤ.አ.) የስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የውሻንና የተኩላን ዘረ መል አነጻጽረው ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ ያወጡት ውጤት ለእንሰት አገር ሰው በተለይ ደስ የሚል ነው። ስታርችን የሚፈጨውን አሚሌዝ የተባለ ኢንዛይም የሚያሠራው ዘረ መል በተኩላ ዘንድ ሁለት ቅጂ ብቻ አለው። በውሻ ዘንድ ግን ከ4 እስከ 30 ቅጂ ተገኘ። ሰው እርሻ ጀምሮ ጎተራ ሲሞላ፣ ፍርፋሪውን የሚጠብቀው እንስሳም ሆዱን ለፍርፋሪው አስተካክሏል ማለት ነው። በኋላ የተደረጉ የጥንት ቅሪት ምርመራዎች ይህ ለውጥ ቢያንስ ከ7,000 ዓመት በፊት በደቡብ ምሥራቅ አውሮፓ ውሾች ላይ መጀመሩን አሳይተዋል። እርሻ ከማያውቁ ሰዎች ጋር የኖሩት፣ እንደ አውስትራሊያው ዲንጎና እንደ ሳይቤሪያው የበረዶ ውሻ ያሉት፣ ቅጂያቸው ጥቂት ነው።

እኛ አሚሌዝን ምራቃችን ውስጥም አለን፤ ለዚህ ነው እንጀራ ብዙ ሲታኘክ የሚጣፍጠው። ውሻ ምራቁ ውስጥ የለውም ማለት ይቻላል። ለነገሩ ከመቼ ወዲህ ነው ውሻ አኝኮ የበላው? ይውጣል፤ ሥራውን ለቆሽት ይተወዋል። ቆሽት ከጨጓራ ሥር የተጋደመች፣ ስታርች፣ ጮማና ፕሮቲን የሚፈጩትን ፈሳሾች የምታመርት ዕጢ ናት። በእንሰት ምድር የኖረ ውሻ ቆሽት ለስታርች የሚሆነውን አብዝታ፣ ለጮማ የሚሆነውን ቀንሳ ማምረት ትለምዳለች። መጠኑን ለመለወጥ ቀናት ያስፈልጓታል። አንጀት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎችም እንዲሁ ናቸው። ቆጮ ላይ የለመዱት ቦታቸውን ለሥጋ ወዳዶቹ የሚለቁት ቀስ በቀስ ነው። ያልተፈጨ ጮማና ፕሮቲን ትልቁ አንጀት ድረስ ሲወርድ ባክቴሪያዎቹ ያቦኩታል፤ ጋዝ ይፈጠራል፤ ውሃ ወደ አንጀት ይሳባል፤ ተቅማጥ ይመጣል።

“ቆሽቴ አረረ” ስንል ስለ ንዴት ነው የምናወራው። ውሻ ላይ ግን አባባሉ ቃል በቃል ይደርሳል። ብዙ ሞራና ቅቤ በአንድ ጊዜ ሲገባ ቆሽት ልትቆጣ፣ የራሷን ፈሳሽ በራሷ ላይ ልታፈስ ትችላለች። ደጋግሞ የሚያስመልስ፣ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ደረቱን መሬት ላይ አድርጎ ቂጡን የሚያነሳ፣ እንደሚሰግድ የሚቆም ውሻ ሆዱን እያመመው ነው።

በዓለም ላይ በሆዱ ስስነት ስሙ የሚነሳው ግሬይሃውንድ ነው። ቀጭን፣ እግረ ረጅም፣ በሰዓት ወደ 70 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ የእሽቅድምድም ውሻ። ከውድድር ጡረታ ወጥቶ በሰው ቤት ሲገባ ባለቤቶቹ የመጀመሪያ ወሬያቸው ስለ ሰገራው ነው፤ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ስለሆነ ይገባኛል። ብዙዎች የዝርያው ጠባይ አድርገው ይወስዱታል። ታሪኩ ሲታይ ግን የጊምቢቹው ውሻ ታሪክ ተገልብጦ ነው። አሜሪካ ውስጥ የውድድር ውሾች ይመገቡ የነበረው ለሰው ምግብነት ከማይፈቀዱ፣ ከሞቱ ወይም ከታመሙ ከብቶች የሚገኝ ጥሬ ሥጋ ከደረቅ መኖ ጋር ተቀላቅሎ ነው። ጡረታ የወጣ ቀን ጥሬው ሥጋ ይቀራል፣ ደረቅ መኖ ብቻ ይሆናል፣ ቤቱ ይለወጣል፣ ጓደኞቹ ይለወጣሉ። ጭንቀትም ለብቻው አንጀት ያስሮጣል። የእኛው ከቆጮ ወደ ሥጋ፣ የእነሱ ከሥጋ ወደ እህል፤ ውጤቱ አንድ ነው። መድኃኒቱም አንድ ነው፦ አዲሱን ምግብ በአሮጌው ላይ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ ከ7 እስከ 10 ቀን ማሸጋገር።

ግሬይሃውንድ ሐኪምንም ያሳስታል። የሌላው ውሻ ደም ውስጥ የቀይ ሕዋስ ድርሻ ከ37 እስከ 55 በመቶ ሲሆን፣ የእሱ ጤነኛ ሆኖ 60 በመቶ ሊያልፍ ይችላል። ይህን የማያውቅ ሐኪም ውሃ አጥቶ ደሙ ወፈረ ይላል።

የዚህ ዝርያ ሌላ ትምህርት ከትል ጋር የተያያዘ ነው። የውድድር ውሾች በብዛት በአንድ ግቢ ስለሚኖሩ ደም መጣጩ የመንጠቆ ትል አይለያቸውም ነበር፤ ባለቤቶቹም መድኃኒት በየጊዜው ያዘንቡባቸው ነበር። በ2019 (እ.ኤ.አ.) የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሦስቱንም ዋና ዋና የትል መድኃኒት ወገኖች የሚቋቋም የመንጠቆ ትል በአሜሪካ ውሾች ላይ ማግኘታቸውን አሳተሙ። ፍሎሪዳ የውድድሩን ንግድ በ2020 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ስትዘጋ ውሾቹ በየቤቱ ተበተኑ፤ ትሉም አብሮ ተጓዘ።

ወደ ሀዲያ ስንመለስ በዓል ላይ የሚያሰጋው ትል ሌላ ነው። ሰንጋ ሲታረድ ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት የሚታይበት ጊዜ አለ። አራጁ ቆርጦ ለውሻ ይወረውረዋል። በዚያ ከረጢት ውስጥ ከኮሶ ወገን የሆነች፣ አድጋ እንኳ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ብቻ የምትረዝም የአንዲት ትል በሺህ የሚቆጠሩ እጮች አሉ። ውሻው በጥሬው ሲበላው አንጀቱ ውስጥ ያድጋሉ፤ እሱን ብዙም አያሳምሙትም። እንቁላላቸው ግን በሰገራው ወጥቶ ሣሩን ይበክላል፤ ከብቱ ይግጠዋል፤ ውሻውን ያሻሸ ልጅ እጁን ሳይታጠብ ቆጮውን ይበላል። ሰው ላይ ያው ከረጢት ጉበት ውስጥ ዓመታት ወስዶ ያድጋል። እንዲህ ያለውን ክፍል ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት መቅበር ይገባል። ደህና የሚመስለውንም የሆድ ዕቃ ግማሽ ሰዓት ቀቅሎ መስጠት ይበጃል።

የበዓሉን ወጥ በተመለከተ፣ ከበርበሬው ይልቅ የሚያስፈራው ሽንኩርቱ ነው። ቀይም ሆነ ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈነዳል፤ መብሰሉ መርዙን አያጠፋውም። ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ደሙን ሊያበላሽ ይበቃል። 15 ኪሎ ለሚመዝን የመንደር ውሻ ይህ ከ225 ግራም ይጀምራል፤ ለዶሮ ወጥ ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደሚከተፍ የሚያውቅ ሰው ሒሳቡን ይሥራ። ጉዳቱ የሚታየው በዚያው ቀን ሳይሆን ከቀናት በኋላ ነው፦ ድድ ይነጣል፣ ሽንት ይጠቁራል፣ ውሻው ጥቂት ሮጦ ይቆማል። ያኔ ወጡን ማን ያስታውሰዋል?

የበሰለ አጥንት ሌላው ጣጣ ነው። ጥሬውም ከአደጋ የጸዳ አይደለም፤ የበሰለው ግን ይደርቅና እንደ ስንጥር ይሰነጠቃል። ወይ አንጀት ይወጋል፣ ወይ ተፈጭቶ እንደ ኖራ ይጋገርና ሰገራ ይዘጋል።

እና ሆዱ የተበጠበጠ ውሻ ምን ይደረግለት? አዋቂ ከሆነ፣ ዓይኑ ንቁ ከሆነ፣ ደም ካልታየ፣ ብዙው በሁለት በሦስት ቀን በራሱ ይድናል። ሥጋውን ማቆም፣ ንጹሕ ውሃ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ማቅረብ ነው። ሲያስመልስ ለጥቂት ሰዓት ምግብ ማሳረፍ ይቻላል፤ ቡችላን ግን ማስራብ አይገባም፣ ስኳሩ ቶሎ ይወርዳል። ከዚያ ያለ ጨው፣ ያለ ቅቤ፣ ያለ ሽንኩርት የተቀቀለ ሩዝ ከጥቂት ቀይ ሥጋ ወይም ከዶሮ ደረት ጋር፣ በቀን አራት ጊዜ ትንሽ ትንሽ። ሩዝ ውድ ከሆነ ድንች ያው ነው። የለመደውን ቆጮም ብሰጠው ባይ ነኝ፤ አንጀቱ የሚያውቀው እሱን ነው። ወተት ግን ይቅር፤ አዋቂ ውሻ የወተት ስኳርን በደንብ አይፈጭም፣ ተቅማጡን ያብስበታል። ከጤና ኬላ የሚገኘው ኦ.አር.ኤስ፣ ብዙዎች ለምለም የሚሉት፣ በጥቂቱ ሲቀርብ አይጎዳውም።

ውሃ መጉደሉን ለማወቅ የትከሻውን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጥጦ ከፍ አድርጎ መልቀቅ ነው። ወዲያው ከተመለሰ ደህና፤ እንደ ድንኳን ቆሞ ከቆየ ሐኪም ያስፈልጋል።

ከሰው መድኃኒት ሣጥን መቅዳት የእኛ ሰው ልማድ ነው። ለሆድ ፍላጂል፣ ለሕመም ዲክሎፈናክ። ፍላጂል በውሾች ላይ ሲጠና ለተራ ተቅማጥ የሚሰጠው ጥቅም ትንሽ ሆኖ፣ ጠቃሚዎቹን የአንጀት ባክቴሪያዎች ለሳምንታት ያመሰቃቅላል። ሲበዛ ደግሞ ውሻውን እንደ ሰካራም ያንገዳግደዋል። ዲክሎፈናክና አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፤ በተቆጣ ሆድ ላይ መስጠት እሳት ላይ ቤንዚን ማፍሰስ ነው። ለበሬ የተሠራውን ትልቁን የአልቤንዳዞል ክኒን ገምሶ መስጠትም አለ። መጠኑ ሲበዛ የውሻን መቅኔ ይጎዳል። የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ አብዛኛውን ቀኑን ከከብት ጋር ቢያሳልፍም ውሻውን መዝኖ መጠኑን ማስላት ያውቃል፤ መጠየቅ ነው።

የሆድ ሕመም የሚመስሉ፣ ጊዜ የማይሰጡ ነገሮች አሉ። ያልተከተበ ቡችላ ደም የተቀላቀለበት፣ ሽታው የሚከረፋ ተቅማጥ ከያዘው ፓርቮ ሊሆን ይችላል። ይህ ቫይረስ ዓለም ላይ የታወቀው በ1978 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ አህጉራቱን አዳረሰ። ጥላ ባለበት አፈር ውስጥ ወራት ስለሚቆይ፣ በዚያ ግቢ የሚገባው ቀጣዩ ቡችላም ይታመማል። ክትባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜ ተጀምሮ እስከ 16 ሳምንት ይደጋገማል። ደረተ ጥልቅ ውሾች፣ ግሬይሃውንድም የአዲስ አበባ በረኛው ጀርመን ሸፐርድም፣ ጠግበው በልተው ሲሮጡ ጨጓራቸው ተነፍቶ ሊጠመዘዝ ይችላል። ሆዱ እንደ ከበሮ ይነፋል፣ ለማስመለስ ይታገላል፣ ምንም አይወጣም። በሰዓታት ውስጥ ካልተቀደደ አይተርፍም።

ከሁሉም የማሳስበው ግን ይህ ነው። በበዓል ሰሞን ምራቁን የሚያዝረከርክ፣ መንጋጋው የወረደ፣ መዋጥ ያቃተው ውሻ ሲታይ “አጥንት ተሰንቅሮበት ነው” ተብሎ እጅ አፉ ውስጥ ይገባል። የእብድ ውሻ በሽታ ሁልጊዜ በመናከስ አይጀምርም፤ ጉሮሮን አስሮ፣ ውሻውን አዝሎ ዝም የሚያሰኝበት መልክ አለው። ቫይረሱ ያለው ደግሞ ምራቁ ውስጥ ነው። እጅ አይገባም። ምራቁ የነካው ሰው ካለ በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ ታጥቦ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

ከውሻው የተከለከለው አጥንት ባለቤት አያጣም። ሌሊት ጅብ ይመጣለታል። የጅብ ጨጓራ አሲድ ብርቱ ነው፤ መንጋጋው የሰንጋ ጭን ይሰብራል፤ መቅኔውን ብቻ ሳይሆን አጥንቱን ራሱን ይፈጨዋል። የማይፈልገው የአጥንቱ ኖራ በጠዋት ከአጥር ውጭ፣ ደርቆ እንደ ጠመኔ የነጣ ኩስ ሆኖ ይገኛል። ውሻው በሩቁ አሽትቶት ይመለሳል።